ዳዶውን የነካው ማን ነው

በመሥሪያ ቤታችን ገላነሽን የማያምን ሰው የለም። እሷ ግን ማንንም አታምንም። ላማት ፈልጌ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። እኔና እሷ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ከተቀመጥን አሥራ ስድስት ዓመት ሆነን። ከየቦታው የሚመጣ የትምህርት ማስረጃ በእሷ እጅ ያልፋል። ማኅተሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ትይዘዋለች፣ ፊርማውን ከቆየ ፋይል ጋር ታስተያየዋለች፣ የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። አንድ ጊዜ ሁላችንም አይተን ያሳለፍነውን ዲግሪ፣ ተፈረመ የተባለበት ቀን እሑድ እንደሚውል ቆጥራ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ አለቃችን ሳይቀር ከመፈረሙ በፊት «ገላነሽ አይታዋለች?» ብሎ ይጠይቃል።

የተወለደችው ወልዲያ ነው። መቐለ የመጣችው ለትምህርት ነበር፤ ኣታኽልቲን አገባችና በዚያው ቀረች። እሱ የከተማው ልጅ ነው። በአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ሲያስተምር ስለኖረ ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ይለዋል። ቤታቸው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ዝቅ ብሎ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከትዳራቸው የሚበልጥ ዕድሜ ያላት ነጭ ዲኤክስ ቶዮታ ቆማለች። ነዳጅ በጠፋባቸው ዓመታት ኣታኽልቲ አራቱንም ጎማ ፈትቶ አልጋ ሥር ከቶ፣ መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጧት ነበር። መንገድ ሲከፈት መልሶ የገጠማትም ራሱ ነው። ጋራዥ ገብታ አታውቅም። በዚህ ነገር ባልና ሚስት ይስማማሉ፤ እሱ ሥራውን ስለሚወድ፣ እሷ ደግሞ ጋራዥ የገባ መኪና ግማሹ ተለውጦ ይወጣል ብላ ስለምታምን።

የዛሬ ዓመት ተኩል ግን ኣታኽልቲን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ በፊቱ አልታዘዝ አሉት። ንግግሩም ዘገየ። በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እንደ ሕፃን ተማረ። ተማሪዎቼ እንዲህ ሆኜ እንዳያዩኝ ብሎ ከሐኪም ቤት በቀር ከግቢ መውጣት አቆመ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን መኪናዋ አጠገብ አስወጥቶ ይቀመጥና ዝም ብሎ ያያታል።

ገላነሽ መኪናዋን ለማንም አልሰጥም አለች። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፊትና የኋላ ጎማ ማፈራረቅ፣ ሁሉንም በስልኳ ቪዲዮ እያየች ተማረች። እውነት ለመናገር ጎበዝ ናት። ብቻ እጇ «ይበቃል» የሚባል ነገር አያውቅም። በየጎማው ላይ አራት አራት ዳዶ አለ፤ ዳዶዎቹ ከመኪናው በወጡት ብሎኖች ላይ እየተጠመዘዙ ጎማውን ይይዛሉ። እነዚህን ስታስር መጀመሪያ በመፍቻው ታጠብቃለች፤ ቀጥሎ የመፍቻውን እጀታ በረጅም የብረት ቱቦ ውስጥ ትከትና ትጫነዋለች፤ በመጨረሻ ቱቦው ላይ ትቆማለች። ገላነሽ ቀጭን ሴት አይደለችም። ምክንያቷን ስጠይቃት የላላ ነገር ይወልቃል፣ የጠበቀ አይወልቅም፣ ታዲያ ከመጥበቅ ምን ጉዳት ይመጣል ብላ እኔኑ መልሳ ጠየቀችኝ።

ኣታኽልቲ አንድ ቀን ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ገላ፣ በዝቷል» አላት። እሷም ሐኪሙ እንዳይጨነቅ ያዘዘውን አስታውሳ «አንተ ዕረፍ» አለችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቱቦው ላይ እንደቆመች ተከራያቸው ሓፍቶም አያት። ሓፍቶም ከግቢው በር አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል የሚኖር፣ ሰሜን በኩል ባለ ወርክሾፕ ብየዳ የሚሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነው። ሙያውን ያስተማረው ኣታኽልቲ ነው።

«አደይ ገላነሽ፣ ብሎኑ ይሳባል እኮ» አላት፤ አደይ የሚላት እንደ እናቱ ነው።

ፈገግ ብላ አለፈችው። በልቧ ግን መዘገበችው። ሰው የማይመለከተው ነገር ላይ ምክር ሲሰጥ የሚፈልገው ነገር አለ የሚል እምነት አላት።

ባለፈው ጥቅምት እህቷን ከአውሮፕላን ማረፊያ ልትቀበል ብቻዋን ወደ ቁሓ ነዳች። ቁሓ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ከፊት ጎማ፣ ከግራ በኩል፣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ወዲያው መሪው በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳር ይዛ ቆመችና ወረደች። ከአራቱ ዳዶዎች አንዱ የለም። ሁለተኛውን ብትነካው በጣቷ ዞረላት። ከኋላዋ የነበረ ከባድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች።

መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ሃይላይ የሚባል ሽማግሌ መጥቶ ረዳት። መጨረሻ መቼ እንደታሰረ ጠየቃት። ከአራት ቀን በፊት፣ በቱቦ፣ ቆሜበት አለችው። ሽማግሌው የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ ሞከረና ራሱን ነቀነቀ። በቱቦ የታሰረ ዳዶ አንዱ ሊላላ ይችላል፤ አራቱም በአራት ቀን እኩል አይላሉም፤ ይኼ ሰው የነካው ነው አላት። ከዚያ ስለ ቱቦው የሆነ ነገር ሊነግራት ጀምሮ ነበር። እሷ ግን «ሰው የነካው ነው» ከሚለው በኋላ ምንም አልሰማችም።

ለኣታኽልቲ አልነገረችውም። ደም ግፊቱ ይነሣል ብላ ፈራች። የነገረችው ለእኔ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት፣ በሩን ዘግታ። ከዚያ ወረቀት አወጣችና እንደ ሐሰተኛ ዲግሪ ታጣራው ጀመር። የግቢው በር ይቆለፋል። ግቢው ውስጥ ያለው ሦስት ሰው ነው። የራሷን ስም ሰረዘች። የባሏንም ሰረዘች፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ናት። አንድ ስም ቀረ። ሓፍቶም መፍቻ አለው። ሓፍቶም ስለ ብሎኖቹ ተናግሯል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ቁርጥራጭ ብረቱን መኪናዋ አጠገብ ስለከመረ ተቆጥታው ነበር፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልመለሰላትም።

የአስተማሪውን ሚስት ለምን ሊገድል ይፈልጋል ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰው ምክንያቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ አይዞርም» አለችኝ።

ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ዳዶዎቹን እንደ ልማዷ በቱቦ አጥብቃ ቀይ ጥፍር ቀለም አመጣች። በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ጀምራ እስከ ቸርኬው ቀጭን መስመር አሰመረች። ዳዶው ጥቂት ቢዞር መስመሩ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ እንደገባች፣ ጎማዎቹን ዞራ ታያለች። የሓፍቶምም ነገር ሁሉ ትርጉም አገኘ። ቀድሞ ከገባ ለምን ቀደመ ትላለች፤ ከዘገየ የት ዋለ። የግቢውን በር የተሰበረ ማጠፊያ ሳትጠይቀው በይዶ ሲጠግንላት ደግሞ ሊሸነግለኝ ነው ብላ የባሰ ጠረጠረችው።

በሁለተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የግራው የፊት ጎማ አራቱም መስመሮች ተቆርጠው አገኘቻቸው። ሓፍቶም ቧንቧው ሥር ልብስ ያጥባል። ኣታኽልቲ ቤት ውስጥ ነው።

«ሓፍቶም፣ ዛሬ ከግቢ ወጥተሃል?» አለችው።

«አልወጣሁም አደይ።»

«እንግዲያው መኪናዬን የነካው ማን ነው?»

ሓፍቶም እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ መጣና ቀዩን መስመር ጎንበስ ብሎ አየው። ቀና ሲል ወደ ቤቱ መስኮት ተመለከተ።

«እኔ አልነካሁም» አለ።

«ማን ሲነካ አየህ?»

ወደ ልብሱ ሊመለስ ዞረ።

«ካላየህ አላየሁም በል።»

«አላየሁም አልልም፣ አደይ። ግን አልናገርም።»

ለእሷ ይህ በቂ ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቅ ነገረችው። እሱ ሳምንቱን አልጠበቀም። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ አምጥቶ ፍራሹንና ዕቃውን ጫነ። ከመሄዱ በፊት መምህሩን ሊሰናበት ወደ ቤት ገባ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ፤ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ፊቷ ፈክቶ ነበር። እኔም አመንኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን አመንኳት።

ዳዶዎቹን እንደገና አሰረች፤ ይህን ጊዜ በረዘመ ቱቦ። አዲስ መስመር አሰመረች። ኣታኽልቲ ምግብ ይቀንስ ጀመር፣ ምን ሆንክ ስትለው ምንም ይላታል። ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው እሑድ መስመሮቹ ተቆረጡ።

ሓፍቶም ቁልፉን አስቀርጾ ይሆናል ብላ የበሩን ቁልፍ አስለወጠች፣ መስመሮቹንም አደሰች። አዲሱን ቁልፍ ከአንገቷ አላወጣችውም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተቆረጡ። ያን ቀን ማታ ወረቀቷን አውጥታ ስሞቹን አየቻቸው። የሰረዘቻቸውን ሁለቱን ደጋግማ አየቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ነጠላዋን ለብሳ እንደ ወትሮዋ ወጣች። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄዳ፣ አንዲት ሱቅ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመች። ከዚያ ተመልሳ በሩን ቀስ ብላ ከፈተች።

ኣታኽልቲ መኪናዋን በግራ እጁ ተደግፎ ቆሟል። ግራ እግሩን መፍቻው ላይ አሳርፎ ሰውነቱን ሁሉ ለቀቀበት፤ ዳዶው ሲጥ ብሎ ዞረ። አራቱንም እንዲህ አላላቸው። ከዚያ እንደ ምንም ብሎ አንዲት አጭር መቀመጫ ላይ ተቀመጠና በግራ እጁ አንድ በአንድ ያጠብቃቸው ጀመር። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ረጥቦ ተጣብቋል። ገላነሽ በገዛ በሯ ላይ እንደ ሌባ መቆሟ ከምንም በላይ እንዳሳፈራት ነግራኛለች። ቁጣው የመጣው ቆይቶ ነው።

«ኣታኽልቲ» አለችው።

አልደነገጠም። መፍቻውንም አላስቀመጠም።

«ልትሞቺ ነው» አላት፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። «በቱቦ፣ በእግር የታሰረ ብሎን ይሳባል። ይሳብ ይሳብና አንድ ቀን ይበጠሳል። አንቺ መንገድ ላይ ሆነሽ።»

«እኔን ሊገድለኝ የነበረውማ ያንተ ዳዶ ነው» አለችው። «ጥቅምት ላይ፣ ቁሓ መንገድ፣ ጎማው አንድ ዳዶ ጥሎ ሊወልቅ ሲል ነው የቆምኩት።»

ይህን አያውቅም ነበር። ከሷ አፍ ነው የሰማው። መፍቻውን መሬት ላይ አኖረና ግራ እጁን ገልብጦ አየው።

«እጄ ጠብቋል ብሎኝ ነበር» አላት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልኩን የሚነግረው ቀኝ እጁ ነበር። ተማሪዎቹን «እግር ልክ አያውቅም፣ እጅ ነው የሚያውቀው» እያለ ነው ያስተማራቸው። ስለዚህ ማላላቱን በእግሩ ቢያደርገውም ማጥበቁን ለእጁ ተወው። የቀረለት እጅ ግን ያንን ትምህርት አልተማረም፤ ጉልበቱም ገና ነበር።

ለምን አልነገርከኝም ብላ ጠየቀችው። ነገርኩሽ፣ ዕረፍ አልሽኝ አላት። ከታመመ ወዲህ የሚናገረውን ሁሉ እንደ በሽተኛ እንደምትሰማው፣ ሁለተኛ «ዕረፍ» ከሚባል ዝም ብሎ ማስተካከሉ እንደቀለለው ነገራት።

«ሓፍቶምስ?» አለችው በመጨረሻ።

«በመስኮት ሆኜ ሰማሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልመጣልኝም።» መፍቻውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋው። «ውሸት ነው። ቃሉ መጥቶ ነበር። አፍሬ ነው።»

ሓፍቶም ሊሰናበተው የገባ ጊዜ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።» ኣታኽልቲ ግን ቀን ከቀን እያሳደረ አምስት ሳምንት አለፈው።

ሰኞ ገላነሽ ከሥራ ቀረች። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ፈቃድ ስትቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ በባጃጅ ወደ ሓፍቶም ወርክሾፕ ሄዱ። ኣታኽልቲ አልሄድም አላለም፤ ከዘራውን ይዞ ቀድሟት ወጣ። ወርክሾፑ ውስጥ ከሓፍቶም ሌላ ሁለት የድሮ ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ሲያዩት የብየዳ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ። እሱ በሁሉም ፊት በትግርኛ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ እየቆመ እየቀጠለ ተናገረ። ምን እንዳለ አልነገረችኝም። «ወደይ»፣ ልጄ፣ ብሎ መጀመሩንና «ይቕረ በለለይ» ብሎ መጨረሱን ብቻ ነው ያወቅሁት። ሓፍቶም መምህሩን ትከሻውን ሳመው።

ከዚያ የሷ ተራ ሆነ። «በድዬሃለሁ ሓፍቶም፣ ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅር ብያለሁ፣ አደይ» አላት። «ክፍሉን ግን አልመለስበትም። በምጠረጠርበት ግቢ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ባልና ሚስቱ በመጡበት ባጃጅ ተመለሱ።

ቅዳሜ ግን ራሱ መጣ። ከአንድ ጋራዥ የተዋሰውን ቶርክ ሬንች ይዞ ነበር፤ የሚፈለገውን ልክ ቀድመው የሚሞሉበት፣ ልኩ ሲደርስ ጠቅ የሚል ረጅም ቁልፍ ነው። የግራውን የፊት ጎማ አወለቀ። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ ላይ ዳዶው በእጅ ሲዞር መሐል ደርሶ ይያዛል። ጥርሱ ተለጥጧል፣ ተስቧል ማለት ነው አላት። ገላነሽ ወረቀት እንደምትመረምር ያወጣውን ብሎን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ የጥርሶቹ ክፍተት እኩል አልነበረም። ሁለቱን ለወጠላትና ማሰሩን ለሷ ተወላት። መጀመሪያ ጎማው በክሪክ እንደተነሣ በእጅ፤ ቀጥሎ በመስቀል፣ አንዱን አስሮ ወደ ትይዩው መሄድ፤ ጎማው መሬት ሲነካ ደግሞ በቶርክ ሬንቹ። ለመጫን ገና ስትዘጋጅ ቁልፉ ጠቅ አለ።

«በቃ?» አለችው።

«በቃ።»

አላመነችም። እንደገና ሞከረችው፤ እንደገና ጠቅ አለ። ቁልፉ ራሱ ትክክል መሆኑን ማን እንዳረጋገጠ ጠየቀች። ሓፍቶም ያን ጊዜ ሳቀ፤ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ኣታኽልቲም ሳቀ። የቀሩትን ሦስት ጎማዎችም አላልታ እንዲሁ ካሰረች በኋላ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ ደግማ እንድታያቸው አሳስቧት፣ ምሳ ቅረብ ሲሉት እንቢ ብሎ፣ ውኃ ቆሞ ጠጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ባልና ሚስቱ እስከ ውቅሮ ነዱ። እዚያ ስትደርስ ሓፍቶም የተወላትን ቁልፍ አውጥታ አሥራ ስድስቱንም ዳዶ ሞከረች። ከቦታው የተነቃነቀ አንድም አልነበረም። ስትመለስ ቱቦዎቹን ለሠፈሩ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ሰጠቻቸው።

ሓፍቶም የለቀቃት ክፍል እስካሁን ባዶ ናት። ሓፍቶም ለበዓል ይደውልላቸዋል፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ግቢው አልገባም። ኣታኽልቲ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻውን በባጃጅ ወደ ወርክሾፑ ይሄዳል፤ ወንበር አውጥተውለት ተቀምጦ አዲስ ገቢዎቹን ያያል፣ «በዛ» ሲላቸውም ይሰሙታል። ንግግሩ ተሽሎታል።

ባለፈው ረቡዕ ገላነሽ ከሥራ መሐል ስልኳን አንሥታ ደወለች።

«ሓፍቶም፣ መምህር እዚያ ነው?»

የመለሰላትን አልሰማሁም። ሁለተኛ ሳትጠይቅ አመስግና ዘጋችና ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ማስረጃ ወደ መስኮቱ አዙራ ማኅተሙን ማየቷን ቀጠለች።